ከለንደን ወደ ሚርዛፑር የተላኩ ደብዳቤዎች

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ለአንድ የሲራ መጽሐፍ ሲባል የሁለት ወዳጆች ደብዳቤ ባሕር ሲያቋርጥ እንደከረመ የሰማ ግን ጥቂት ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሰይድ አሕመድ ኻን በ1817 ዴልሂ ተወለዱ። እንጀራቸው በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር የዳኝነት ሥራ ቢሆንም ልባቸው ታሪክ ላይ ነበር። የዴልሂን ጥንታዊ ሕንጻዎች የሚዘረዝር መጽሐፍ በ1847 አሳተሙ። የዚያኡዲን ባረኒን የሱልጣኖች ታሪክም አርመው በ1862 አወጡ። ወዳጃቸው መህዲ ዐሊ ኻን ደግሞ በሚርዛፑር የመንግሥት ግብር ሹም ነበሩ። ወዳጅነቱ በሙገሳ አልተጀመረም። ሰይድ አሕመድ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ማብራሪያ ሲጽፉ መህዲ ዐሊ አጥብቀው ነቅፈዋቸው ነበር፤ የተዋደዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ሰር ዊልያም ሙይር የነቢዩን ሕይወት በአራት ጥራዝ ጽፈው በ1861 ጨርሰዋል። እኚህ ሰው ከ1868 ጀምሮ ሰይድ አሕመድ የሚያገለግሉበት ክፍለ ሀገር ገዥ ነበሩ። ነገሩ የጌታን መጽሐፍ መሞገት ነበረ ማለት ነው! ሙይር የጻፉት ከራሳችን መጻሕፍት፣ በተለይም ከዋቂዲ እየጠቀሱ ነው። ዋቂዲን የሐዲስ ሊቃውንት ደካማ ማለታቸውን ደረሳ ሁሉ ያውቃል፤ የለንደን አንባቢ ግን ከየት ያውቃል?

ሰይድ አሕመድ በ1869 ከልጆቻቸው ጋር ለንደን ገቡ። ከዚያ ለመህዲ ዐሊ በጻፏቸው ደብዳቤዎች የሙይር መጽሐፍ ልባቸውን እንዳቃጠለው፣ መልሱን ሳይጽፉ እንደማያርፉ፣ ገንዘባቸው አልቆ ለማኝ ቢሆኑም ግድ እንደሌላቸው ይናገራሉ። በቂያማ ቀን ለአያቱ ለሙሐመድ ሲል ደኽይቶ የሞተው አሕመድ ተብለው መጠራትን ተመኙ። የላቲን መጻሕፍት ማስተርጎሚያ፣ የማተሚያ ዋጋ፣ ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። አንድ ሺህ ሩፒ ከነወለዱ እከፍላለሁ ብለው እንዲበደሩላቸው ወደ አገር ቤት ጻፉ። ወለዱን እኔ አላመሰግንም፤ ጭንቀታቸውን ግን እረዳለሁ። በሚርዛፑር ያሉት ሹም ደብዳቤውን አንብበው አልተቀመጡም፤ ገንዘብ አሰባስበው ላኩ። ለመስጊድ ሥራ የመዋጮ ወረቀት ይዞ በየደጃፉ የዞረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል።

መጽሐፉ በ1870 ለንደን ውስጥ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ ሰፋ ያለው የኡርዱ ቅጂ በ1887 ወጣ። መልሱም ስድብ አልነበረም። የትኛው ዘገባ ጠንካራ፣ የትኛው ደካማ እንደሆነ በማስረጃ የሚመረምር ነው።

ሰይድ አሕመድ በኋላ በጻፉት የቁርኣን ተፍሲር ብዙ ዑለማ ተቃውመዋቸዋል፤ እኔም በዚያ አልከተላቸውም። መህዲ ዐሊም አልተከተሏቸውም። ሐይደራባድ ሆነው ተቃውሟቸውን ጻፉላቸው፤ ሰይድ አሕመድም በደብዳቤ መለሱ፤ ይህ በ1892 ነው። ሆኖም አልተቀያየሙም። ሰይድ አሕመድ በ1898 ሲሞቱ አሊጋር ላይ ያቋቋሙት ኮሌጅ ዕዳ ውስጥ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጸሐፊነቱን ተረክበው እስከ 1907 ዕለተ ሞታቸው ድረስ መዋጮ ሲሰበስቡለት የኖሩት እኚያው መህዲ ዐሊ ናቸው።