ቅኔ አይደገምም

የድራማ ክበብ ልጆቼ ዓመት በመጣ ቁጥር ያዩትን ተከታታይ ድራማ መድረክ ላይ ይደግሙታል። አለቃቀሱ፣ አቋቋሙ፣ ዝምታው ሳይቀር ከቴሌቪዥን የተቀዳ ነው። «አዘጋጁ ማነው?» ስል እጅ ይወጣል፤ «ምን ልታሳየን ፈለግህ?» ስል ግን ዝም! በነሱ አልፈርድም። እኔም ለዓመታት ያስተማርኩት «ፊትህን ወደ ተመልካች፣ ድምፅህን ከፍ» ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ግን ከቅርባችን ልጀምር ብዬ የዮፍታሔ ንጉሤን ታሪክ አነሳሁላቸው።

የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ ታይቶ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። መድረክ ላይ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው፤ መኳንንቱ የሰሙት ግን ሌላ ነው። ሰሙን አልፎ ወርቁን የሚያይ ተመልካች ያኔም ነበረና። ከ1923ቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ወዲህ መድረኩ ዳግም ሲከፈት ከፊት ከተሰለፉት አንዱ የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ነው። አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት እያስተማረ ተውኔት ይጽፋል፣ ዜማ ይደርሳል፣ ተማሪዎቹን መድረክ ላይ ያወጣል።

የቴአትር ትምህርት ቤት በሌለበት ዘመን ይህን ከየት አመጣው? እንደኔ ከቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ለየኔታ ይነግራል፣ ይታረማል። ትናንት የተባለ ቅኔ ደግሞ ዛሬ አይደገምም፤ የሰውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብማ ነውር ነው። ለኔ የአዘጋጅ ዕይታ ማለት ይኸው ነው፤ ጽሑፉ ሰም፣ አዘጋጁ ፈልጎ የሚያሳየን ወርቅ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ የአንዱን የዮፍታሔ ተውኔት ርእስ ብቻ ጻፍኩ፦ «አፋጀሽኝ»።

«ይህቺ የምትወቀሰዋ ማን ናት? መድረኩ ላይስ የት ትቆማለች?»

«ሚስቱ ናት ቲቸር» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ «አገር ናት» አለች።

«እሺ፣ የት ትቁም?»

«አትቆምም። መሃል ላይ ባዶ ወንበር ይቀመጥ። ሁሉም ወንበሩን እያየ ይጣላ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሐሳቧ ከተውኔቱ ታሪክ ጋር ይገጥማል አይገጥምም፣ እሱን ሲያነቡት ያዩታል። ያን ወንበር ግን ከየትም አልቀዳችውም፤ የራሷ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተን የት እንደምትቆሙ ብቻ ነግሬ አሳልፌያችኋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ክበባችን ቅዳሜ ጠዋት ይለማመዳል፤ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ብቅ በሉና ወንበሩን እዩት።