ሻምበሉ የሻሩት ጄኔራል

በጦር ሜዳ ድል ያደረገ አዛዥ ከሥልጣኑ ተነሣ ሲባል መስማት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። ዳሩ ግን ሚያዝያ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በኮሪያ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር ያዝዙ የነበሩትን ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተርን ሻሩ። ይህ ስለ ምን ሆነ?

የኮሪያ ጦርነት የተነሣው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦር ደቡቡን በወረረ ጊዜ ነው። ጄኔራሉ መስከረም 5 ቀን 1943 ዓ.ም. በኢንቾን ወደብ ከጠላት ጀርባ ጦር አውርደው ሴኡልን አስለቀቁ። በጥቅምት ወር ቻይና ትገባለች ብለው እንደማይሰጉ ለፕሬዚዳንቱ ነገሩዋቸው። ነገር ግን የቻይና ሠራዊት በብዛት ገብቶ የተባበሩትን ጦር ወደ ኋላ መለሰ፤ ሴኡልም እንደገና ተያዘች።

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ሐሳብ ተለያየ። ጄኔራሉ ጦርነቱ እስከ ቻይና ምድር እንዲደርስ ፈለጉ። ፕሬዚዳንቱ ግን ሦስተኛ የዓለም ጦርነት እንዳይነሣ ሰጉ። አዛዥ ለመንግሥቱ ምክር መስጠቱ ተገቢ ነው፤ ማክአርተር ግን ያለ ፈቃድ መግለጫ እንዳይሰጡ ታዝዘው ሳለ በአደባባይ ተናገሩ። የመንግሥታቸውን አካሄድ የሚነቅፍ ደብዳቤያቸውም መጋቢት 27 ቀን በምክር ቤት ተነበበ። በስድስተኛው ቀን ተሻሩ።

ማክአርተር ከ50 ዓመት በላይ ያገለገሉ ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራል ነበሩ፤ ትሩማን ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፈኛ ሻምበል ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ሕዝብ በፕሬዚዳንቱ ላይ ተቈጣ፤ ጄኔራሉንም በታላቅ ክብር ተቀበለ። ይሁን እንጂ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የጦሩን የበላይ አዛዥነት የሰጠው ሕዝብ ለመረጠው ፕሬዚዳንት ነው። ጄኔራል ሪጅዌይ በቦታው ተተኩ፤ ጦሩም ለአዲሱ አዛዥ ታዘዘ። በዚያው ወር መጨረሻ ቡሳን የደረሰው የእኛው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃም የዘመተው በእኒሁ አዛዥ ዘመን ነው።

ጦርነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኩስ ማቆም ስምምነት ሲገታ፣ ወደ ቻይና ምድር አልሰፋም ነበር። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ ጀግንነት ታላቅ ክብር የሚያስገኝ ቢሆንም ማንንም ከሕግ በላይ የማያደርግ መሆኑን ነው።