የናውሩ ደሴት ሕዝብ ውፍረት ከምን መጣ?

ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ያየ ኹሉ ምክንያቱ ሆዳምነት ነው ብሎ ለመፍረድ ይፈጥናል። ነገር ግን ፍርድ ምርመራን መቅደም አይገባውምና፥ በፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኘውን የናውሩን ደሴት ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ናውሩ ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሕዝቧ በጥንት ዘመን ዓሣ እያጠመደ፥ ኮኮናት እየለቀመ፥ ትንንሽ ዓሦችንም ከባሕር አምጥቶ በቡዋዳ ሐይቅ እያሳደገ ይኖር ነበር። ምግቡን የሚያገኘው በጕልበቱ ነበር፤ ዝናብ በቀረ ጊዜም ይቸገር ነበር።

በ1907 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) አንድ የውጭ አገር ኩባንያ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆነውን ፎስፌት መቈፈር ጀመረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ፥ አውስትራልያና ኒው ዚላንድ ሥራውን በኅብረት ያዙ። የደሴቲቱ አፈር በመርከብ እየተጫነ የአውስትራልያንና የኒው ዚላንድን እርሻ አለመለመ፤ በምትኩም ዱቄት፥ ሩዝ፥ ስኳርና የቈርቈሮ ሥጋ ይመጣ ጀመር። የሌላውን እርሻ ያደለበ ምድር የገዛ ልጆቹን መመገብ ተሳነው።

በ1943 ዓ.ም. ጃፓኖች 1,200 ያህል የደሴቲቱን ተወላጆች ወደ ትሩክ ደሴቶች አጋዙ፤ ብዙዎቹ በረኀብና በበሽታ አለቁና በ1946 ዓ.ም. የተመለሱት 737 ብቻ ነበሩ።

ናውሩ በ1968 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ የፎስፌቱ ገንዘብ በእጇ ገባ፤ ከምድሯ ግን ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህሉ ውሎ አድሮ በቊፋሮ ጠፋ። መኪናና የባዕድ ምግብ በዛ፤ ጕልበት የሚጠይቀው ሥራ ቀነሰ፤ ውፍረትም ተስፋፋ። በ1975 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ፥ ከውፍረት ጋራ የተዛመደው የስኳር በሽታ ከተመረመሩት አዋቂዎች በሢሶው ያህል ላይ ተገኘ።

አሜሪካዊው ሊቅ ጄምስ ኒል በ1962 ዓ.ም. ባቀረበው ሐሳብ፥ ረኀብን ተቋቁሞ የኖረ ዘር ስብን የማከማቸት ጠባይ ሳይወርስ አይቀርም ብሎ ነበር። ዘር በውፍረት ላይ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ዘር በ60 ወይም በ70 ዓመት አይለወጥም፤ በናውሩ የተለወጠው ምድሩ፥ ሥራውና ማዕዱ ነው።

እንግዲህ ወፍራሙን ሰው «ምግብ ቀንስ» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም። በቅርብና በርካሽ የሚያገኘው ምግብ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ ሥራውና መንገዱም አካሉን ያንቀሳቅሱት እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምክሩ የሐኪም ድርሻ ነው፤ እርሻን፥ ገበያንና ከተማን የሚያደራጁት ሰዎች ድርሻ ግን ከዚያ አያንስም።