ለመጥፋት የተቃረበችው የሊበን ላርክ እና የአርብቶ አደሩ ግጦሽ

በኦሮሚያ ክልል ነገሌ ቦረና ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የሊበን ሜዳ፣ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ አዕዋፍ አንዷ የሆነችው የሊበን ላርክ መኖሪያ ነው። በሊበን የምትገኘው ወፍ ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ በ1975 ሲሆን፣ ከሊበን ሌላ መኖሯ የሚታወቀው በጅግጅጋ አካባቢ ነው።

ቡናማ መልክ ያላት ይህች ትንሽ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ነው። በሊበን ሜዳ እ.ኤ.አ በ2007 እና በ2009 በተካሄዱ ቆጠራዎች መካከል የተመዘገበው ቁጥሯ በ40 በመቶ ቀንሷል። ተመራማሪዎችም ደሴቶችን ሳይጨምር በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያዋ የጠፋች ወፍ እንዳትሆን ስጋታቸውን ገልጸዋል።

ለችግሩ በምክንያትነት የሚጠቀሱት የቁጥቋጦ መስፋፋት፣ የእርሻ መሬት መጨመርና ከልክ ያለፈ ግጦሽ ናቸው። በቦረና አካባቢ ሣርን በእሳት የማደስ ልማድ እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ሜዳውን እየወረረ መጥቷል። እነዚህ ምክንያቶች ከወፏ ባልተናነሰ ከብቶችንም ለመኖ እጥረት የሚዳርጉ ናቸው። እ.ኤ.አ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት ድርቅ በቦረና በርካታ ከብቶች ማለቃቸው የመኖ ክምችትን አስፈላጊነት በግልጽ አሳይቷል።

በመፍትሔነት ተግባራዊ የተደረገው አሠራር ከማኅበረሰቡ ባህል የመነጨ ነው። "ካሎ" በመባል የሚታወቀው ሥርዓት፣ የተወሰነ የግጦሽ መሬት በዝናብ ወቅት ከከብት ንክኪ ተከልሎ፣ ሣሩ በበጋ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች የሚውልበት ነው። የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ጨምሮ የተለያዩ ድርጅቶች ከነዋሪው ጋር በመተባበር በሜዳው ላይ ካሎዎች እንዲቋቋሙና ቁጥቋጦ እንዲመነጠር አድርገዋል። በተከለለው መሬት የሚያገግመው ሣር ለከብቶች መኖ፣ ለወፏ ደግሞ መጠለያ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ካሎ ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። መሬቱ በሚዘጋበት ወቅት ሌላ ግጦሽ የሌለው ቤተሰብ ይቸገራል፤ ከብቱን በድርቅ ያጣ አርብቶ አደርም ወደ እርሻ የሚያዘነብለው አማራጭ በማጣቱ ነው። በመሆኑም የክልሉ ስፋት፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ እንዲሁም የሣሩ ክፍፍል በአገር ሽማግሌዎችና በተጠቃሚዎች ስምምነት ሊወሰን ይገባል።

ከመንግሥት አካላት የሚጠበቀው፣ የጋራ ግጦሽን እንደ ባዶ መሬት ቆጥሮ ለእርሻ ከማከፋፈል መቆጠብና በመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ውስጥ ዕውቅና መስጠት ነው። ሜዳው አንዴ ከታረሰ በኋላ ሣሩን መልሶ ማግኘት አዳጋች ይሆናል።