የሳጅኑ ክብ እና የጅማ ልጆች

ወገኖቼ፣ መጪው ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሰርከስ ልትሄዱ አስባችኋል፤ ባላችሁበት ከተማም ሁለት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በአንዱ ላይ ፈረስ፣ ቀይ ኮት የለበሰ አስተዋዋቂና አፍንጫው የቀላ ክላውን ይታያሉ፣ በሌላው ላይ ግን ባዶ እግሯን የቆመች አንዲት ሴት ብቻ አለች፣ ምን እንደምትሠራም አይታወቅም። አንዱ የቀድሞው ሰርከስ ነው፣ ሌላው የዘመኑ። የቱን እንይ ትሉኛላችሁ። እነግራችኋለሁ፤ ግን አትቸኩሉብኝ፣ ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ አስቀድሜ ላውጋችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

ፊሊፕ አስትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። አባቱ እንጨት ሠሪ ነበር፣ የሰው ቤት ዕቃ የሚሠራ፤ ልጁም የአባቱን መጋዝና መላጊያ ይዞ እንዲኖር ነበር የሚጠበቀው። የልጁ ልብ ግን ከፈረስ ጋር ነበርና ወደ ፈረሰኛ ጦር ገባ፣ አውሮፓን ሰባት ዓመት ባመሰው ጦርነትም ተዋጋ፣ ከዚያም በሳጅን ሜጀር ማዕረግ ተሰናብቶ ለንደን መጣ። በ1768 ዓ.ም. ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ ከዌስትሚንስተር ድልድይ ሳይርቅ፣ ጣራ በሌለው ሜዳ ላይ ሥራውን ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት ግልቢያ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እሱ ራሱ በሚሮጥ ፈረስ ጀርባ ላይ በሁለት እግሩ ይቆማል፣ ሰይፉን ይዞ ይዞራል፣ ሰው ከፍሎ ያያል፣ የለንደን ሰማይ ሲያለቅስ ደግሞ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል።

ታዲያ ይህ ሰው በቀጥታ መጋለብን ትቶ ክብ ሠርቶ መዞርን መረጠ። በክብ ሲጋልቡ ተመልካቹ ዙሪያውን ቆሞ ፊታቸውን አያጣውም፤ ፈረሱም ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ እኩል ሲሮጥ በጀርባው የቆመው ሰው ይጸናል፤ ልጅ ውኃ የሞላ ጣሳ በገመድ አሥሮ ሲያሽከረክረው ውኃው እንደማይፈሰው ማለት ነው። ክቡን ሲያሰፋና ሲያጠብብ ቆይቶ በመጨረሻ ከዳር እስከ ዳር 13 ሜትር ያህል በሆነ ስፋት ላይ ረጋ፤ ያ ልክ ዛሬም በዓለም ሰርከሶች ሜዳ አለ። ሚስቱ ፓቲም ከእሱ አላነሰችም፤ እጇን በንብ መንጋ ሸፍና በፈረስ ትዞር ነበር አሉ። ፈረስ ብቻ ሲሰለች በመሐል በገመድ ላይ የሚራመዱ፣ የሚገለባበጡና የሚያስቁ ሰዎችን ጨመረበት፣ ከዚያም ጥበቡን ይዞ ፓሪስ ተሻገረ፣ እዚያው ፓሪስ ላይ በ1814 ዓ.ም. አረፈ። እንግዲህ ዛሬ የቀድሞው የምንለው ሰርከስ፣ አንድ ልጅ ከአባቱ ሙያ ወጥቶ የፈጠረው አዲስ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የፈረሰኛው ልጅ ፈረሰኛ፣ የገመድ ተራማጁ ልጅ ገመድ ተራማጅ ሆነ፤ ልጁ በተጎታች ቤት ውስጥ ይወለዳል፣ መራመድ እንደቻለ ዝቅ ባለ ገመድ ላይ ይወጣል፣ አባት ልጁን ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ ይዞ ያለማምደዋል፣ አያት ዳር ተቀምጦ ያርማል፣ የቤተሰቡም ምሥጢር ከቤተሰቡ አይወጣም። እኛ ሸማኔንና ቀጥቃጭን በየቤቱ ስናይ ያደግን ሰዎች ይህን አንስተውም፤ ሙያ እንዲህ ሲወርድ እንዴት እንደሚጠራ እናውቃለን፣ ከውጭ ለቆመ ልጅ በሩ እንዴት እንደሚዘጋም እናውቃለን። በፓሪስ በ1852 ዓ.ም. የተከፈተ የክረምት ሰርከስ የሚባል ክብ ሕንፃ አለ፤ የቱሉዙ ዡል ሌዮታር በ1859 ዓ.ም. በገመድ ከተንጠለጠለ የሚወዛወዝ ዘንግ፣ ትራፒዝ ከሚሉት፣ ወደ ሌላው በአየር ላይ ተወርውሮ ከተማውን ያስደነቀው እዚያ ነው፤ ሕንፃውን ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የቡግሊዮን ቤተሰብ ይዞታል፣ ልጅ ከአባት እየተቀበለ እስከ ዛሬ ያሠራዋል።

ድንኳኑም መጣ፣ ባቡሩም መጣ፣ ከባቡሩም ጋር አንበሳው፣ ነብሩና ዝሆኑ መጡ፤ አሜሪካ ውስጥ ሰርከስ ከከተማ ከተማ በባቡር ሲጓዝ፣ ዝሆኖቹ ከጣቢያው ወጥተው በተርታ ሲራመዱ ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ ያያቸው ነበር። ዝሆን ግን በአንድ እግሩ መቆም ፈልጎ አይቆምም፤ ሰንሰለትና የብረት መንጠቆ ነበሩበት፤ ሰውም ውሎ አድሮ ይህን አየ፣ አይቶም ዝም አላለም። ሪንግሊንግ የሚባለው ታላቁ የአሜሪካ ሰርከስ በ2016 ዓ.ም. ዝሆኖቹን አሳረፈ፣ በዓመቱ ራሱም ከ146 ዓመት በኋላ ተዘጋ፣ ከዚያም በ2023 ዓ.ም. አንድም እንስሳ ሳይዝ ተመለሰ። ፈረንሳይም በ2021 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ከ2028 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ተጓዥ ሰርከሶች የዱር እንስሳ እንዳያሳዩ ከልክላለች።

ወደ በሩ ልመልሳችሁ። በ1974 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ሁለት የሰርከስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ አንዱን የከፈተችው ከስመ ጥር የክላውን ቤተሰብ የተወለደችው አኒ ፍራቴሊኒ ከባሏ ከፒየር ኤቴክስ ጋር ሆና ነው። አስቡት፤ የቤተሰቡን ምሥጢር የምትጠብቀው ልጅ እሷ ራሷ በሩን ለማንም ልጅ ከፈተችው። ከዚያም የፈረንሳይ መንግሥት በ1985 ዓ.ም. ሻሎን ከተማ ላይ ብሔራዊ ማዕከል አቆመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ባሕር ማዶ በኬቤክ፣ ቤ ሳን ፖል በምትባል ትንሽ ከተማ በረጃጅም የእንጨት እግር ሲሄዱና እሳት ሲተፉ የነበሩ የመንገድ ላይ ወጣቶች ተሰባስበው ሰርክ ዱ ሶሌይን መሠረቱ። በእነዚህ በሮች የገቡት ልጆች ዳንስ ያውቃሉ፣ ቴአትር ያውቃሉ፣ ከአባት የወረሱት ትርዒት ግን የላቸውም፤ ስለዚህም በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ትርዒት ትተው አንድ ሰዓት የሚሄድ አንድ ታሪክ ይዘው መጡ፣ አስተዋዋቂውን አስቀሩ፣ በየመሐሉ የሚሰማውንም ጭብጨባ አስቀሩ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። በ1991 ዓ.ም. ደርግ በወደቀበት ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሰርከስ ኢትዮጵያ ተጀመረ፣ ከዚያም ወደ ጅማ፣ ወደ መቀሌ፣ ወደ ናዝሬት ተዛመተ፤ በኋላም በ1998 ዓ.ም. ሰርከስ ደብረ ብርሃን፣ በ2004 ዓ.ም. ፍካት ሰርከስ ተከተሉ። ልጆቹ አንበሳም ዝሆንም አልነበራቸውም፣ ከአባታቸው የወረሱት ክብ ሜዳም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ጉልበታቸውና ጓደኛቸው ነበር፣ አንዱ ተሸካሚ ሆኖ ሌላው ትከሻው ላይ ይወጣል፣ ፒራሚድ ይሠራሉ፣ ሰው ሲሰበሰብም ስለ ኤችአይቪ ያስተምራሉ። ፈረንጅ ከቀድሞው ጋር ተጣልቶ የደረሰበትን የዘመኑን ሰርከስ የእኛ ልጆች ከማንም ሳይጣሉ ጀመሩት።

ደግሞ ስሙኝ። ጅማ ያደጉት ወንድማማቾቹ ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም ዕቃ እየወረወሩ በመቅለብ፣ በጀግሊንግ፣ ጥበባቸው አውሮፓ ገቡ፣ በአውሮፓ ክብ ሜዳዎችም ሠሩ፣ ከዚያም ሰርከስ አቢሲኒያን መሠረቱና ከአዲስ አበባው ዊንጌት ሰርከስ የወጡ ልጆችን ይዘው መድረክ ላይ ቆሙ። «ቱሉ» የሚለው ትርዒታቸው በ1992 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችውን ደራርቱ ቱሉን ያነሣል፤ ታሪኩ እንደ ዘመኑ ሰርከስ አንድ ነው፣ ትርዒቱ ግን እንደ ቀድሞው እያንዳንዱ የሚያስጨበጭብ ነው። እነሱ ከሁለቱ አልመረጡም፤ በሁለቱም በር ገብተው ወጡ።

እንግዲህ ስለ ቅዳሜው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁና የአገሩን ቋንቋ የማይሰሙ እናት አብረዋችሁ ካሉ፣ የቀድሞው ይሻላችኋል፤ እያንዳንዱ ትርዒት ለብቻው የቆመ ነው፣ ልጁ በአንዱ ቢያንቀላፋ በሌላው ይነቃል፣ ክላውኑም ለሁሉም ክላውን ነው። የዱር እንስሳ እንዳለበት ግን ትኬት ሳትገዙ ጠይቁ፤ ካለበት ለልጃችሁ ምን ብላችሁ እንደምታስረዱ አስቡ። ገብታችሁም ስትቀመጡ ከሚዘለው ልጅ ይልቅ ዳር ቆመው ገመዱን የያዙትን አዛውንት እዩ፤ ያ ሰው ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚያው ላይ የዘለለ ሊሆን ይችላል። ጎረምሳ ይዛችሁ ከሆነ፣ ሁሉን ነገር አይቼዋለሁ የሚል ጎረምሳ፣ የዘመኑን አሳዩት፤ መጀመሪያ ምንም አይገባችሁም፣ አትቸኩሉ፣ ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ስትወድቅ አስባ ነው ወይስ ስታ ነው ብላችሁ ትከራከራላችሁ፣ ክርክሩም እስከ ቤት ይከተላችኋል፣ ጎረምሳውም ያወራል።

የትኛውንም ብትመርጡ ግን እሑድ ጠዋት ልጆቻችሁ ሳሎን ውስጥ በእጃቸው ለመቆም ይሞክራሉ። ጠረጴዛውን አንሡላቸው፣ ምንጣፉን አንጥፉላቸው፣ እግራቸውንም ያዙላቸው እንጂ አትቆጧቸው፤ የእንጨት ሠሪው ልጅ ከመጋዙ ተነሥቶ ባይሄድ ኖሮ እኮ ቅዳሜ ቤት ነበር የምትውሉት።