ስም ያልወጣላት ባዝራ

በአገራችን የሚነገር አንድ የቆየ ተረት አለ። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። አድማጭ የሚስቀው አህያ አባቷን በመደበቋ ነው። ነገር ግን በዚህ ተረት ውስጥ ከአባትየው ይበልጥ የተረሳች ፍጡር አለች፤ እርሷም እናቲቱ ባዝራ ናት። አጎት የተቆጠረው በእርሷ በኩል ሆኖ ሳለ እርሷን የጠራት የለም።

ታሪካችንም ከተረቱ የተሻለ አላደረገላትም። ነገሥታቱ በፈረስ ስማቸው ሲወደሱ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ተብለዋል። በባዝራ ስም የተጠራ ንጉሥ ግን እኔ አላጋጠመኝም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መሐንዲስ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለም። ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ በአምባሰል የሚገኘው የግሸን አምባ ነው። በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ይህ አምባ በመካከለኛው ዘመን፣ የኢማም አሕመድ ጦር በ16ኛው ምእተ ዓመት እስኪይዘው ድረስ፣ የንጉሣዊው ቤተ ሰብ ወንዶች ልጆች በግዞት የሚኖሩበት ነበር። ከ1520 እስከ 1526 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለዚሁ የመሳፍንት ተራራ ጽፏል። ዛሬ ደግሞ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአቅጣጫው የሚጎርፉበት ደብር ነው። እንግዲህ በእነዚያ ዘመናት ሁሉ እህሉም፣ ጨዉም፣ የሕንፃው ዕንጨትም ወደዚያ የደረሰው በሰው ጫንቃና በጋማ ከብት ጀርባ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

የበቅሎ ነገር ከሌላው እንስሳ የሚለየው ራሷን የማትተካ በመሆኗ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ሲኖራቸው በቅሎ 63 ይደርሳታል፤ በዚህም የተነሣ መውለድ አይሆንላትም፣ ቢሆን እንኳ እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ በገደሉ ላይ ከወጣችው እያንዳንዷ በቅሎ በስተጀርባ አሥራ አንድ ወር ገደማ ያረገዘች አንዲት ባዝራ ነበረች ማለት ነው። የባዝራዋ ማኅፀን ሲበላሽ የሚቋረጠው የጭነቱ መንገድ ነው።

ለመሆኑ ማኅፀኗ የሚበላሸው እንዴት ነው? መንስኤው ብዙ ቢሆንም ከሁሉ የሚያስገርመው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን የሚያደርሰው ነው። ኮላጅን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቆዳን ቆዳ የሚያሰኘው እርሱ ነው፤ የአልጋው ጠፍርም፣ በግሸን የሚገኘው መጽሐፈ ጤፉት የተጻፈበት ብራናም በአብዛኛው ኮላጅን ነው። ጥንካሬው ከምን እንደ መጣ የታወቀው በ1954 የማድራሶቹ ራማቻንድራንና ካርታ ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ገመድ የተገመዱበት መሆኑን ባሳዩ ጊዜ ነው። በግንባታ ቋንቋ ብናገር በሥጋ ውስጥ የፌሮን ሥራ ይሠራል፤ የመሳብን ኃይል የሚሸከም እርሱ ነው።

በጤነኛ ባዝራ ማኅፀን ውስጠኛ ሽፋንም ይህ ፕሮቲን በስሱ ተዘርግቶ ይገኛል። በሽፋኑ ውስጥ የተጠማዘዙ ቱቦ መሰል ዕጢዎች አሉ። የፈረስ ፅንስ ከማኅፀን ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው ዘግይቶ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመገበው ከእነዚህ ዕጢዎች የሚወጣውን ፈሳሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ኮላጅኑ በዕጢዎቹ ዙሪያ እንደ ስታፋ ቀለበት እየተደራረበ ሲጠመጠም ነው። ዕጢዎቹ ይታነቃሉ፣ በጎጆ ውስጥ እንዳሉ ዕንቁላሎች ይሰበሰባሉ፣ ከውስጥም ይነፋሉ። ባዝራዋ ትፀንሳለች፤ ፅንሱ ግን ሳይታወቅ ይጠፋል። ባለቤቷ የሚያየው ያለመውለዷን ብቻ ነው።

ይህን በማጉያ መነጽር እያዩ ወደ ፍርድ ያደረሱት ሰዎች ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1975 ሪኬትስ በእንግሊዝ፣ ኬኒ በአሜሪካ ከማኅፀኑ በረጅም መቆንጠጫ ቅንጣት ሥጋ ቆርጦ መመርመር የሚሰጠውን ጥቅም ጻፉ። ኬኒ በ1978 ባዝራዎችን በደረጃ ከፈለ፤ በ1986 ከዶይግ ጋር ደረጃዎቹን አራት አደረጋቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለች ባዝራ ከመቶ ከ80 እስከ 90 የመውለድ ተስፋ ሲኖራት በመጨረሻው ላይ ያለችው ከ10 አትበልጥም። በኋላም የላይፕዚግ፣ የሊዝበንና የፖላንድ ተመራማሪዎች ኮላጅኑን የሚያስጀምረው ምን እንደሆነ ሲከታተሉ ኖረዋል። የተጠመጠመውን ቀለበት አስተማማኝ ሆኖ የሚፈታ መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚህ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ አንድ ነገር ነው። በሽታው ከወሊድ ብዛት ይልቅ ከዕድሜ ጋር ይሄዳል፤ አንድም ቀን ያልወለደች አሮጊት ባዝራ እንኳ ይይዛታል። ጭነት ሲሠራባት ኖራ በስተርጅና አህያ የሚያስጠቋት ባዝራ ተስፋዋ የመነመነው ገና ከመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ሰው ግን ጥፋቱን የሚያሳብበው በዓይነ ጥላ፣ ወይም በራሷ ላይ ነው።

ከግሸን ግርጌ የሚኖሩት የእናቴ አባት አንዲት ቦራ ባዝራ ነበረቻቸው። ሁለት በቅሎ ወልዳ አራት ዓመት ተከታትሎ ከሸፈባቸው። ሁለት ጊዜ ድንጉላ አህያ ለወጡላት፤ በመጨረሻ «መካን ሆነች» ብለው በርካሽ ሸጧት። ባለፈው መስከረም ለበዓሉ ስሄድ ያነበብኩትን በምችለው ቃል አስረዳኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና፦

«እንግዲያ ትፀንስ ነበር በለኛ?» አሉ።

«ሳትፀንስ አልቀረችም፣ አባባ» አልኳቸው።

አሻግረው ወደ አምባው ተመለከቱ። የእርሷ ልጅ የሆነችው አንደኛዋ በቅሎ የእንግዶችን ጓዝ ጭና በዳገቱ ላይ ነበረች። ትንሽ ቆይተው፣ «ሲመሽ ተነሥታ ቆማ የምታድርበት ወራት ነበር። እኔ የጠገበች መስሎኝ ነበር» አሉኝ።