የሳር ውኃ ጠመንጃዎች፦ የጎጃምና የአንሷር ጦር ሲነጻጸር

በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደንቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ በአንሷሩ አዛዥ በሐምዳን አቡ ዓንጃ ድል ሆኑ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ጦርነቱ ብዙውን ጊዜ የመስቀልና የጨረቃ ግጥሚያ ተደርጎ ይተረካል። እምነት ድርሻ አልነበረውም አንልም፤ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳው ጉባኤ በሙስሊሞች ላይ ያስከተለው ግፍም፣ የማህዲያ ጥሪም የታወቁ ናቸው። የኃይል ሚዛኑን ለመመዘን ግን ከሰንደቁ ይልቅ ጠመንጃውን መመርመር መርጠናል።

የአንሷር ሬሚንግተን ከየት መጣ? ጥቂት የማይባለው በ1876 ዓ.ም. በሸይካን ከተደመሰሰው፣ እንግሊዛዊው ሂክስ ይመራው ከነበረው 10 ሺህ ገደማ የግብፅ ጦር የተማረከ ነው። ሙስሊም ከሙስሊም የማረከው ማለት ነው። ጂሃዲያ ከተባሉት ተኳሾችም ብዙዎቹ ቀድሞ በዚያው መንግሥት ጦር የሠለጠኑ ነበሩ።

የጎጃምስ? መናገሻውን ደብረ ማርቆስ ያደረገው ይህ ጦር ስሙ በፈረሰኛው ነበር። ይሁን እንጂ በግንቦት 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሰበረው ደርቡሽ አልነበረም፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ሳር ውኃን በሃይማኖት ብቻ የሚያስረዳ መምህር ሸይካንንና እምባቦን የት ያስቀምጣቸዋል?

ጎጃም ከእምባቦ በኋላም አልሞተም ነበር፤ በጥር 1879 ዓ.ም. መተማ ላይ መሐመድ ወድ አርባብን ድል አድርጎ ገድሏል። አቡ ዓንጃ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በመተማ፣ ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ጦር ባዘነበለበት ሰዓት፣ አፄ ዮሐንስ በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱም ተበተነ።